በቁጥር ሁለት ኔትወርክ

ኔትወርክ የሚባለውን ነገር ሸጥኩት እንጂ ተምሬው አላውቅም። ከዚያ በፊት የሸጥኩት ነገር ሁሉ የሚጨበጥ ነበር፤ ገመድ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ አምፖል፣ የዝናብ ልብስ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው ሱቄ በር ላይ «የኤሌክትሪክና ልዩ ልዩ ዕቃዎች» የሚል ጽሑፍ አለ። መብራት ሲጠፋ በልዩ ልዩው እኖራለሁ። ከተማዋ በደብዳቤ ላይ ኢንጅባራ ናት፤ እኛ ነጋዴዎች ግን ለጫኝ የምንነግረው ቆሰበር ብለን ነው፤ ዕቃው እንዳይጠፋ።

ከሱቄ ዳገቱን ትንሽ ወጣ ብሎ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ሰዎቹ ዛሬም አምፖል የሚገዙት ከኔ ነው። ዳንግላና ጫግኒ ቅርንጫፍ ነበረው። ሥራ አስኪያጁ ባሕር ዳር ለስብሰባ ሄዶ፣ ያረፈበት ሆቴል ውስጥ ትንሽ መስኮት ያለው ጥቁር ስልክ በየጠረጴዛው ላይ አይቶ መጣ። በማግስቱ ሱቄ በር ላይ ቆመ።

«የኢንተርኔት ስልክ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። ነጋዴ አላውቅም የሚለው ስለ ግብር ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ከዚያ እሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ሲያስረዳኝ እኔም ተማርኩ። እንደ ድሮው ስልክ የራሱ ሽቦ አይፈልግም፤ ኮምፒዩተሮቹ በሚገናኙበት ገመድ ላይ ድምፅን ያመላልሳል። ከቢሮ ቢሮ ሦስት ቁጥር ነክቶ ማውራት ነው፤ ዳንግላም ቢሆን እንደ ጎረቤት ክፍል። «ሰው ለመጥራት ኮሪደር ላይ መጮህ ይቀራል» አለኝ። እውነት ነበር፤ የዚያ መሥሪያ ቤት ጩኸት አንዳንዴ እኔ ሱቅ ድረስ ይመጣ ነበር።

መርካቶ ሄጄ አሥራ አምስት ስልክ ገዛሁ። ከስልኩ ጋር ስዊች የሚባል ሳጥን ያስፈልጋል፤ የሁሉም ገመድ ጫፍ የሚገናኝበት ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ መናኸሪያ በሉት። ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። «ይሄኛው ብልጥ ነው፤ የነገርከውን ይሠራል። ያኛው ሞኝ ነው፤ የመጣለትን ሁሉ ያሳልፋል» አለኝ። ሞኙ ርካሽ ነበር። መሥሪያ ቤት ብልጥ ዕቃ ምን ያደርግለታል ብዬ ሞኙን ይዤ ተመለስኩ።

ገመዱን የዘረጋልኝ ከኮሌጁ አንድ መምህር ነው። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ቀልድ አይወድም፤ ሲናገር ቃል የሚያልቅበት ይመስል ይቆጥባል። ሳጥኑን ከካርቶኑ አውጥቶ አየውና፣

«ሞኝ ስዊች ነው የገዛኸው» አለኝ።

«አውቄ ነው።»

«እሺ» ብሎ ሠራ።

ጠዋት ጠዋት ስልኩ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ችግሩ የሚጀምረው ከሻይ መልስ ነው። ሂሳብ ክፍል ያሉት ልጆች ሻያቸውን ጠጥተው ሲመለሱ ሌላ ክፍል ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ያከማቹትን ተከታታይ ድራማ ይከፍታሉ፤ የቀሩት ክፍሎችም ከዚያው እየሳቡ ያያሉ፤ ያለቀባቸው ደግሞ የሚቀጥለውን ክፍል ከኢንተርኔት ማውረድ ይይዛሉ። ያን ጊዜ ስልኩ ይንተባተባል። አንድ ቀን ስልኩ እንዴት ነው ብዬ ልጠይቅ ገብቼ ሥራ አስኪያጁ ለዳንግላው ቅርንጫፍ ኃላፊ መመሪያ ሲሰጥ ደረስኩ። መመሪያው ረጅም ነው፣ ፊቱ ኮስተር ብሏል፣ እጁ አየሩን ይቆርጣል። እሱ ጋ ያለው ንግግር ሙሉ ነው። ዳንግላ የሚደርሰው ግን ሌላ ኖሯል፤ ከስልኩ ውስጥ የኃላፊው ድምፅ በጣም ተጨንቆ፣

«ጋሼ፣ ስቅታ ያዘዎት እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«የምን ስቅታ?»

«ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጡ፣ ጋሼ። እኔ እጠብቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ዘግቶ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

በሳምንቱ ሁሉም ወደ ኮሪደሩ ተመለሰ። እንዲያውም ባሰ። ድሮ አንድ ጊዜ ይጮሁ ነበር፤ አሁን መጀመሪያ ይደውላሉ፣ ቀጥሎ ተነሥተው በር ድረስ ሄደው «ደውዬልህ ነበር፣ አንሣው» ይላሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ገብተው ያወራሉ፣ ሲቆራረጥባቸው ደግሞ ወጥተው ይጮሃሉ። ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝና ባጭሩ ተናገረ፤

«ወይ አሠራው፣ ወይ ውሰደው።»

አሥራ አምስት የቢሮ ስልክ ወስጄ ለማን ልሸጠው ነው? ከዳንግላ እስከ ጫግኒ ያለ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ የራሱን ስልክ ይዟል። መምህሩን ልለምን ሄድኩ። እሱም ጉዳዩን ካወቀው ቆይቶ ኖሮ፣ አራት ቃል አወጣ፤ «ድምፁና ዳታው መለያየት አለባቸው።»

ይህን ለሥራ አስኪያጁ ማስረዳት የኔ ፋንታ ሆነ። የምናውቀው መንገድ ላይ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ የዳንግላን መንገድ ያስቡት። አይሱዙ ድንች ጭኖ ይመጣል። ከኋላው ጋሪ አለ፤ ጋሪው ላይ ምጥ የያዛት ሴት ተቀምጣለች። አይሱዙው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ድንቹ ያው ድንች ነው። ሴትዮዋ ግን አትጠብቅም። እኛ ሁለቱን በአንድ ጠባብ መንገድ ለቀናቸዋል።»

«ድምፄ ምጥ የያዛት ሴት ነው እያልከኝ ነው?»

«ለምሳሌ ነው፣ ጋሼ።»

«እና አይሱዙው?»

«ድራማው።»

ትንሽ አሰበና «ለጋሪው ለብቻው መንገድ አውጣለት» አለ። ተግባባን። ብልጡን ስዊች ላመጣ፣ መምህሩም ድምፁን በአንድ፣ ዳታውን በሌላ ኔትወርክ ሊያስኬድ፣ ለድምፁም ቅድሚያ ሊሰጥ ተስማማን። እዚህ ላይ ነው ስህተቴ። ፕሮፎርማውን ስጽፍ ወረቀቱ ባዶ ባዶ አለብኝ። አንድ ሳጥን ብቻ ጽፎ ማኅተም መምታት ደግሞ ነጋዴን ያሳፍራል። ዝርዝሩ ጠገብ እንዲል ብዬ ከስዊቹ ሥር እንዲህ የሚል ጨመርኩ፦ «ኔትወርክ፣ አንድ የድምፅ፣ አንድ የዳታ። በቁጥር 2።» ሥራ አስኪያጁ ፈረመበት። ውል ሆነ።

መምህሩ ብልጡን ሳጥን ቅዳሜ ጠዋት አስገባ፤ ላፕቶፑን ሰክቶ ሲነካካ ዋለና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጨረሰው። ሰኞ ከሻይ መልስ ሂሳብ ክፍል ድራማውን ከፈተ፣ ሥራ አስኪያጁ ዳንግላ ደወለ፣ ንግግሩ ሳይበጠስ ደረሰ። የዳንግላው ኃላፊ «ተሻለዎት፣ ጋሼ?» አለው።

ለዓይን ግን አንድም የተለወጠ ነገር የለም። ከግድግዳው የሚወጣው ያው አንድ ግራጫ ገመድ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ይገባል፣ ከስልኩ ጀርባ ደግሞ አጭር ገመድ ወጥቶ ኮምፒዩተሩ ጋ ይሄዳል። መለያየቱ ያለው ሳጥኑ ሆድ ውስጥ ነው፤ በትእዛዝ የተሠራ ነገር ነው።

ሥራው አለቀ ብዬ መምህሩን ይዤ ዕቃ ለማስረከብ ንብረት ክፍል ሄድኩ።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀራቸው ቀጭን ሴት ነበሩ። የቁልፍ ዘለላቸው ከነጠላቸው ሥር ሲሄዱ ይንሿሿል። ከዘበኛው ጋር በአዊኛ፣ ከኛ ጋር በአማርኛ፣ ከዕቃ ጋር በዝምታ ነው የሚነጋገሩት። በእጃቸው ያለፈ ነገር ሁሉ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ባልዲው፣ የዘበኛው ዱላ ሳይቀር። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚባለውን የዕቃ መረከቢያ ቅጽ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ስዊቹ ወዳለበት ቁም ሳጥን መጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ስዊች፣ በቁጥር አንድ።» በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። «አለ።»

ወደሚቀጥለው መስመር በብዕራቸው ወረዱ።

«ኔትወርክ፣ በቁጥር ሁለት። አምጣ።»

«ገብቷል፣ እትዬ።»

«የት ገባ?»

«እዚሁ ሳጥኑ ውስጥ።»

ሳጥኑን ከግራም ከቀኝም አዩት። «ሳጥኑን እኮ አሁን ተረከብኩ። ማሰሮ ከተረከብኩ በኋላ በሆዱ ያለውን ደግሞ ለብቻ ልፈርምልህ ነው?»

«መስመር ነው፣ እትዬ። አይታይም።»

«መስመር ከሆነ ገመዱ የታል?»

«ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ ገመድ ነው።»

«ታዲያ አንድ ነዋ።»

«ሁለት ናቸው። በአንድ ገመድ ሲሄዱ እርስ በርሳቸው አይተያዩም።»

«ምነው፣ ተጣልተው ነው?»

መምህሩን ለእርዳታ አየሁት፤ እሱ ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ እየከተተ ነበር። እሳቸው ብዕራቸውን ከደኑ።

«ስማ፣ አያ ነጋዴ። እኔ የማይታይ ነገር የምቀበለው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን አልፈርምም። ደግሞስ ቁጥሩን ምን ላይ ልጻፈው?»

ሥራ አስኪያጁ ቢለምናቸውም ወይ ፍንክች። ምክንያት ነበራቸው፤ ለኔ የነገረኝ ዘበኛው ነው። ከሳቸው በፊት የነበረው የንብረት ኃላፊ ጡረታው ደርሶ ሲሰናበት ቆጠራ ተደረገ። አንድ የውሃ ፓምፕ ፈርሞበት ተገኘ። ፓምፑ ጫግኒ ቀርቷል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ሳያይ ነበር የፈረመው። ፓምፑ ሳይመጣ ቀረ። ሰውዬው ያለ ክሊራንስ፣ ማለትም ከንብረት ነጻ ነው የሚል ደብዳቤ ሳያገኝ፣ ጡረታውን ማስከበር አልቻለም። ሁለት ክረምት ሙሉ ጃንጥላውን ይዞ እየመጣ ንብረት ክፍሉ በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩን የወረሱት ሴትዮ በየቀኑ ደህና አደሩ እያሉት ነበር በሩን የሚከፍቱት። አግዳሚው አሁንም እዚያው አለ፤ ቁጥር ተጽፎበታል።

ይህን ሰምቼ አዘንኩ። ግን ሐዘኔ የነጋዴ ሐዘን ነው፤ ወዲያው መላ ፈለገ። ሴትዮዋ የጎደለባቸው ምንድን ነው? የሚዳሰስ ሁለተኛ። እኔ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሙሉ ጥቅል ሰማያዊ ገመድ አለ።

በማግስቱ ሰማያዊውን ገመድ ስዊቹ ካለበት ቁም ሳጥን ጀምሬ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ ከግራጫው ጎን፣ በምስማር እየቆነጠጥኩ እስከ ንብረት ክፍሉ ድረስ ወሰድኩት። ጫፍና ጫፉ ላይ መሰኪያ አደረግሁለት። የትም አልሰካሁትም። መምህሩ ለሌላ ነገር መጥቶ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለዓይን ነው።»

«ጫፎቹን ቁረጣቸው። ሰው እንዳይሰካቸው» አለኝ። ያለ መሰኪያ ገመዱ ሥራ የፈታ መሰለኝና ተውኩት።

ኃላፊዋን ጠራኋቸው። «ይኸው፣ እትዬ። ግራጫው አንዱ፣ ሰማያዊው ሁለተኛው።»

ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ ሳይሆን በወረቀት ቁራጭ ላይ ጻፉና ቁጥሩን ገመዱ ላይ አሰሩ። ከዚያ ፈረሙ። ሲፈርሙ ብዕሩን ተጭነው ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሦስት ቅጂዎች እኩል እንዲወጡ።

«እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «ሌላ ነጋዴ ቢሆን ዝም ብለሽ ፈርሚ ይለኝ ነበር። አንተ ግን አምጥተህ አሳየኸኝ።»

ዕቃ ሸጬ ያን ያህል መጥፎ ምርቃት ተቀብዬ አላውቅም። ቁልቁለቱን ስወርድ ዝናብ ያዘኝ፤ የዝናብ ልብስ የምሸጥ ሰው ያለ ዝናብ ልብስ ሱቄ ገባሁ።

ሦስት ወሩ ሳላስበው አለፈ። ስልኩ ይሠራል፤ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በእጅ ስልኩ ደወለልኝ። ቢሮው ውስጥ ምንም ነገር አይሠራም። ስልኮቹ ደንዝዘዋል፣ ኮምፒዩተሮቹ አይተያዩም፣ ሳጥኑ ላይ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ሁሉ እንዳበደ ሰው ዓይን ይርገበገባሉ። «ደግሞ ዛሬ ቆጣሪ ኮሚቴው እዚህ ነው ያለው» አለኝ። «የንብረት ኃላፊዋን ዕቃ ቆጥረው ሊረከቡ።»

መምህሩን ከክፍል አስወጥቼ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። ኮሪደሩ ሙሉ ነው። ሦስት ቆጣሪዎች መዝገብ ይዘው ቆመዋል፤ ሰብሳቢያቸው ኮት የለበሰ፣ ድምፁ የማይነሣ ሰው ነው። ሂሳብ ክፍሎቹ በር ላይ ወጥተው እንደ ሐዘንተኛ ተደርድረዋል። መምህሩ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ትንሽ አየ። ከዚያ ጣቱን ሰማያዊው ገመድ ላይ አደረገ። ተሰክቷል። ገመዱን ተከትሎ ኮሪደሩን ሄደና ንብረት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ባዶ መሰኪያ ጋ ቆመ። እዚያም ተሰክቷል። ያ መሰኪያ ደግሞ በግራጫው በኩል ተመልሶ እዚያው ሳጥን ይገባል። አደባባይ የገባ ባጃጅ መውጫ አጥቶ ሲዞር፣ ከኋላው ሌላው፣ ከኋላው ሌላው ገብቶ ሁሉም አንድ ላይ እየዞረ መንገዱን እንደሚዘጋ ማለት ነው። የሳጥኑ ውስጥ እንዲያ ሆኗል።

«ይህን የሰካው ማን ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«እኔ ነኝ» አሉ ኃላፊዋ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው። «ቆጠራ ሲመጣ ንብረቴን ዞሬ አያለሁ። ይኸው፣ ፈርሜ የተረከብኩት፣ ቁጥር ያለው ንብረት፣ ጫፍና ጫፉ ወልቆ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ተብሎ እንዳይጻፍብኝ መለስኩት። ቀዳዳው ልክክ አለ።»

ሰብሳቢው ወደ መምህሩ ዞረ። «ችግሩ ከዚህ የመጣ ነው?»

«ነው» አለ መምህሩ።

ሰብሳቢው መዝገቡን ገለጠ። «እንግዲህ በንብረት ላይ ያለ ባለሙያ ፈቃድ…» እያለ መጻፍ ጀመረ።

የሴትዮዋ ዓይን በሩ ላይ ወዳለው አግዳሚ ሄደ። እኔም አየሁት። መምህሩ ደግሞ የሚያየው እኔን ነው፤ ቃል ቆጣቢ ሰው ሲያይ ከሚናገር ይብሳል። አይጥ ነክሶት ነው፣ መብራት ኃይል ጨምሮ ነው፣ ብዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። ሠላሳ ዓመት የነገድኩበት አፍ ነው። ግን ብዕሩ እየሄደ ነበር።

«ጌታው፣ አይጻፉ» አልኩ። «ገመዱ ንብረት አይደለም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ባዶ ገመድ ነው። ከምንም ጋር እንዲገናኝ የተሠራ አይደለም። እትዬ ሁለተኛው ይታየኝ ስላሉ እንዲታያቸው ብዬ የዘረጋሁት እኔ ነኝ።»

ከሂሳብ ክፍሎቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሴትዮዋ ወደኔ መጡ። ቁልፋቸው ብቻ ነው የሚሰማው።

«ዳሰስኩት እኮ» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሁለት ጊዜ ተመላልሼ።»

«አዎ።»

«ሳታሳየኝ ብትቀር ይሻል ነበር።» ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «የፈረምኩት በቁጥር ሁለት ነው። አንዱ ባዶ ከሆነ ሁለተኛዬ የት ነው ያለው?»

«መጀመሪያም እንዳልኩዎት ሳጥኑ ውስጥ ነው። እውነቴን ነው።»

«የሱን እውነት ተውልኝ» አሉና ወደ መምህሩ ዞሩ። «አንተ የምታስተምር ሰው ነህ። ሁለት ናቸው?»

«ሁለት ናቸው።»

«ከሁለት አንዱን ብትወስድ ሌላው ይቀራል?»

መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። «ይቀራል።»

«እንግዲያው እየወሰድክ አስቆጥረኝ።»

ሰማያዊው ገመድ ተነቀለ፤ ሳጥኑ አንድ ጊዜ ተነፈሰና መብራቶቹ ረጉ። ኃላፊዋ ትእዛዝ መስጠት ያዙ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትእዛዝ ሲሰጡ ያልሰማናቸው፣ ለካ ሲያጠራቅሙት ኖረዋል። ሂሳብ ክፍሎቹን «ድራማውን ክፈቱ» አሏቸው።

«የምን ድራማ፣ እትዬ?»

«ከሻይ በኋላ የምትከፍቱትን። ያቺ ልጅ ባሏ የከዳት።»

«ኧረ እኛ የሥራ ሰዓት ላይ…»

«ክፈቱ። ጮክ አድርጉት። ሁላችሁም።»

እሳቸው እኔንና ሰብሳቢውን አስከትለው ግቢው በር ላይ ወዳለችው የዘበኛ ቤት ወረዱ። እዚያም አንድ ስልክ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ዘበኛው የሚደውልበት። ዘበኛውን በአዊኛ አንድ ነገር አሉት፤ ግቢው መሃል ሄዶ መምህሩ በመስኮት በሚያየው ቦታ ቆመ። ዱላውን ሲያነሣ መምህሩ በየተራ አንዱን ያጠፋል፤ ሲያወርድ ይመልሳል። ከዚያ ሦስት ቁጥር ነክተው ሥራ አስኪያጁን አገኙት።

«አለቃ፣ ይናገሩ» አሉት።

«ምን ልናገር፣ እትዬ?» ድምፁ ጆሯችን ሥር ነው፤ አንድም አልተቆራረጠም።

«የክሊራንሴን ደብዳቤ ያንብቡልኝ።»

«ገና አልተጻፈም።»

«እያሰቡ ይናገሩ። ጸሐፊዋ አጠገብዎ ናት፤ ትጻፈው።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ክፍል ኃላፊ…» ብሎ ጀመረ። እሳቸው ስልኩን በአንድ ጆሮ፣ ግቢውን በሌላው እያዳመጡ ለዘበኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዱላው ተነሣ። ከላይ፣ ከሂሳብ ክፍሉ መስኮት፣ የድራማው ጩኸት ተቋረጠና አምስት ሰው በአንድ አፍ «ውይ» አለ። ስልኩ ውስጥ ግን ሥራ አስኪያጁ ዓመተ ምሕረት እየጠቀሰ ነው።

«አንድ» አሉ ኃላፊዋ።

ዱላው ወረደ፤ ድራማው ተመለሰ። ዱላው እንደገና ተነሣ። አሁን መስኮቱ ላይ የተከዳችው ልጅ እያለቀሰች ነው፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ፣

«…በእጃቸው የነበረውን ንብረት በሙሉ አስረ…» አለና ጭጭ።

«ሁለት» አሉ። ትንሽ ቆዩና ለዘበኛው በመስኮት በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ አላያቸውም፤ ዱላውን ከፍ አድርጎ ሰማዩን ያያል። ያን ጊዜ ነው ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት፤ «አውርደው እንጂ፤ ደብዳቤዬ መሃል ላይ ነው።»

ዱላው ወረደ። ስልኩ ነፍስ ዘርቶ እንደገና ተደወለ። «የት ደርሰን ነበር፣ እትዬ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አስረ ላይ።»

«…አስረክበው ከማንኛውም ንብረት ነጻ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።»

ሰብሳቢው መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጀመረውን መስመር ሰረዘ። በምትኩ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጠየቃቸው። «በዓይን ያልታየ፣ በጆሮ የተቆጠረ፣ በቁጥር ሁለት ብለህ ጻፍ» አሉት። እንደዚያው ጻፈ። ሁለቱን ቁጥሮች ቁም ሳጥኑ በር ላይ በቀይ ቀለም ራሳቸው ጻፏቸው፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ በመሃላቸው መስመር አስምረው፤ እንዳይተያዩ ይሆናል።

ሰማያዊውን ገመድ ግን እንዲሁ ይዤ እንድወጣ አልፈቀዱልኝም። ቁጥር ያለው ነገር ያለ ወረቀት አይወጣም። የመጨረሻ ሥራቸው ለሱ ሞዴል ሃያ ሁለት የሚባለውን የዕቃ ማውጫ ቅጽ መሙላት ሆነ። ከግድግዳው ነቅዬ ስጠቀልል አጠገቤ ቆመው ዳሰሱት፣ አስፈረሙኝ፣ ቁጥሩን ሳይፈቱ ሰጡኝ። «አስቀምጠው» አሉኝ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ጡረታቸው ሳይጓተት ተከበረ። ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ሲመለሱ ሱቄ ጎራ ይላሉ። የሚገዙት አምፖል ነው። አንዴ ሰክቼ ሲበራ ብቻ አይተው አይቀበሉም፤ «አጥፋው» ይሉኛል፣ ሲጠፋ ያያሉ፣ «አብራው» ይሉኛል። ከዚያ ቀና ብለው ከጣሪያው ሥር ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ጥቅል ያዩታል።

«አለ?» ይላሉ።

«አለ፣ እትዬ።»

እጃቸውን ዘርግተው የታሰረችውን ወረቀት ገልበጥ አድርገው ቁጥሯን ያነብቧታል፤ ከዚያ አምፖላቸውን ይዘው ይሄዳሉ።